ፀሐይ ያሳበቀችው ካርድ

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ብርድ፣ ግን ፀሐይ። የሐይቁ ነፋስ ዛሬ ዐርፏል። ጠዋት አርባ ሁለት ካርድ ሣልኩ። እሁድ በአሜሪካን ፉትቦል የሚገጥሙን ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ኳሱ ለማን እንደሚሰጥ። ተጠባባቂዎቹ ካርዱን አይተው ተጋጣሚውን ይመስላሉ፤ ተከላካዮቻችን በእነሱ ላይ ይለማመዳሉ። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መስመሮቼ አሁንም በማስመሪያ ናቸው። በልጅነቴ ያስተማሩኝ እማሆይ ኢርሚና ያለ ማስመሪያ የተሰመረ መስመር ካዩ ጣት ይመቱ ነበር... ልክ ነበሩ።

ማሎይ ጉልበቱ ተጎድቶ የውድድር ዓመቱ አልቆበታል። የመሐል ተከላካዩ እሱ ነበር፤ ለአሥሩ ትእዛዝ የሚጮኸው። በምትኩ ጊድሪ ገባ። ከሉዊዚያና የመጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ትከሻው በር የሚያህል። ዛሬ ከአሥራ ስድስት አጨዋወት አሥራ አምስቱን ኳሱ ሳይነሣ አወቀ። "በግራ ነው! በግራ!" እያለ። ፕሩዊት ሊበር ምንም አልቀረው። የመከላከሉ አሰልጣኝ ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ ጂኦሜትሪ አስተምሬዋለሁ።

"ሚስስ ሶቦታ፣ አዩልኝ? ሌላ ማሎይ አገኘሁ!"

"አየሁ" አልኩ።

አየሁ። ግን ከአሥራ ስድስት አሥራ አምስት? ባለፈው ወር ግማሹን ሲስት የነበረ ሰው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ዝናብ። ልምምዱ አዳራሽ ውስጥ። ጊድሪ ከአሥራ ስድስት አምስት።

ፕሩዊት "ደክሞት ነው" ይላል። አይደለም። አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ፤ የኮራጅ አንገት አውቃለሁ። ትናንት ካርዱ ለተጠባባቂዎቹ፣ ጀርባው ወደ እሱ ሆኖ፣ ወደ ላይ በተያዘ ቁጥር አንገቱ ይረዝም ነበር... አንድ ካርድ አምፖል ፊት ይዤ ከጀርባው አየሁት። ወፍራሙ ጥቁር ቀለም በስሱ ወረቀት አልፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ግን ሁሉም። ፀሐይ ካለች ማንም ያነበዋል። ወረቀቱን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ከምሳ በኋላ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ካርዱን በጀርባው በኩል ሰጠሁት።

"ትናንት የምታየው ይሄን ነበር?"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልጸናለትም።

"ሚስ ዋንዳ፣ መርማሪ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?"

"ከዚያ የከፋ። አስተማሪ።"

"ፊቴ ላይ ነው የሚይዙት... ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን?"

"እሁድ ማን ካርድ ይይዝልሃል?"

ካርዱን መለሰልኝ። አሥር ሰው በእሱ ጩኸት ይንቀሳቀሳል። ምንም የማያይ ሰው እየመራቸው...

"ፕሩዊት የሚሰለፈውን ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ይወስናል። እስከዚያ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። አሁን ና፣ ተቀመጥ።"

ለሦስት ሰዓት ያህል የእሁድ ተጋጣሚያችንን ፊልም አየን። ከኳሱ በስተግራ የሚቆመውን ግዙፍ ሰውዬ ብቻ።

"ኳሱን ተወው። ተረከዙን እይ። ከተነሣ ሊገፋ ነው፤ ይዘው ይሮጣሉ። ከተቀመጠ ሊያፈገፍግ ነው፤ ይወረውራሉ።"

"ይሄ ብቻ?"

"ይሄን ብቻ ማየት ከቻልክ።"

"አያቴ እንደ እርስዎ ናት። የባሕር ሽሪምፕ ቅርፊቱን ስታስልጠን አንዲት እግር ከቀረች ሳህኑን ትመልሰው ነበር።"

"ጨዋ ሴት ናቸው።"

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ነገረው። በገዛ አፉ፣ በሩ ክፍት እያለ። "አሰልጣኝ፣ ረቡዕ ኮርጄ ነው።" ፕሩዊት ቲማቲም መሰለ። ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ከትናንት ጀምሮ። የወረቀቱ ጥፋት የእኔ ነው። የአንገቱ የእሱ።"

"አሁን ማንን ላሰልፍ ታዲያ?"

"ፈትነው።"

ሃያ አጨዋወት። ኳሱ ሊነሣ ሲል ፊልሙን እያቆምን። አሥራ ሰባት አገኘ። በእኔ ክፍል ይህ ማለፊያ ነው፤ ጭብጨባ የለውም። ፕሩዊት ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ፣ መታ...

"ይሰለፋል። ግን እሁድ ከተሸነፍን፣ ሚስስ ሶቦታ፣ ሁለታችንም ሥራ ፈላጊ ነን።"

"እኔ ጡረታ አለኝ" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ሸሚዝ ተኮስኩ። አልተጨነቅሁም። ጥቂት... አንዱን ኮሌታ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9

ሃያ ለአሥራ ስድስት። አሸነፍን።

ያለ ጥፋት አይደለም። በጨዋታው ሁለተኛ ሩብ ጊድሪ ተረከዙን ትቶ ኳሱን አየ፤ ከአናቱ በላይ ወርውረው አገቡ። ወደ ወንበሩ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ... ዕቃ የሰበረ ይመስል ነበር።

መጨረሻው ላይ ተጋጣሚዎቹ የጎል መስመራችን ለመግባት ሁለት ያርድ ቀራቸው። አንድ ሙከራ፤ ካገቡ እነሱ ያሸንፋሉ። ከላይ ሆኜ የሩቅ ማያ መነጽሬን ጊድሪ ላይ ሳይሆን የሰውዬው ተረከዝ ላይ አደረግሁ። ተቀመጠ። "ውርወራ" አልኩ ለራሴ። በዚያችው ቅጽበት ጊድሪ ሁለት እጁን እያርገበገበ ሰዎቹን ወደ ኋላ መለሳቸው። ከዚያ ዘለለ። ኳሱ መዳፉን መትቶ መሬት ወደቀ።

ፕሩዊት አቀፈኝ። አንድ አዝራር በጠሰብኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ፀሐይ። ያዘዝኩት ወፍራም ካርቶን አልደረሰም፤ በዚያው በስሱ ወረቀት ሣልኩ። ምን አማራጭ አለ?

ካርዱ ወደ ላይ ሲያዝ ጊድሪ ጀርባውን ሰጠ።

"ምነው ጊድሪ፣ ግድግዳ ዙር ተባልክ እንዴ?" አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

"አዎ። አንተስ ምን ትጠብቃለህ?"

ሳቁ ቆመ። ከጎኑ ያለው ዞረ። ከኋላ ደግሞ ሁለት። ከዚያ... ዘጠኝ ጀርባ ቆጠርኩ። ዘጠኝ! ሲኮርጁ ከነበሩት እኔ የያዝኩት አንዱን ብቻ ነበር። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ በእርግጥ ጨዋ ነው። ሌላው የዓይን ሐኪም ያስፈልገዋል።

ተጠባባቂዎቹ እንዳሻቸው ሮጡባቸው። ፕሩዊት ራሱን ያዘ።

"የዓመቱ መጥፎ ልምምድ ነው።"

"የዓመቱ የመጀመሪያ ልምምድ ነው" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ መጣ። መልሱት አልኩ።