ዝንቧ ዝም ስትል

ጥቅምት 4

ብርድ ነው። ጣቴ እስኪሟሟቅ ሥራ አልጀመርኩም። በቀዘቀዘ ጣት ቢላዋ የሚይዝ ሞኝ ነው።

ልጄ ትጽፋለች፣ ሴቷ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ድሮ የውሎዬን ነገር የምነግረው ለእናቷ ነበር። እሷ ስትሞት ወሬው ሆዴ ውስጥ ቀረ። "እንግዲያው እኔ ልጻፍልህ" አለች ልጅት። ይሁን። ግን እንዳልኩሽ ነው የምትጽፊው፣ ማሳመር የለም። ሲያልቅ ፍራሼ ሥር ይገባል፤ ማንም አያነበውም። ጻፍሽ? እሱንም ጻፊው።

የሙዚቃ መምህሯ መጣች። እሷና ጓደኞቿ አብረው የሚነፏቸው አራት ዋሽንቶች ትፈልጋለች፤ ከትንሿ እስከ ትልቋ፣ የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ። የኛ ዋሽንት አፍ ያላት ናት። ጫፏ ላይ ውታፍ ይገባል፤ ከውታፉ በላይ በቀረችው ቀጭን መንገድ ትንፋሽ ያልፍና መስኮቷ ላይ ያለው ስለት ሲሰነጥቀው ይጮኻል። በፈረንጅ ስሟ ሪኮርደር ይሏታል። አንዴ በሩ ላይ እንደዚያ ብናስጽፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተበላሸ ቴፑን ተሸክሞ መጣ። አስጠፋሁት።

"ከምን እንጨት ይሁን ጋሼ?" አለች።

"ከወይራው።"

ወንዱ ልጄ መሮውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። ወይራው ጣሪያ ሥር ያለው ነው። እሱ ሳይወለድ ቆርጬ ያደረቅሁት። የቀረው ለነዚህ አራት ብቻ ይበቃል። ሌላ ቢቆረጥ እስኪደርቅ ማን ሊጠብቅ ነው? እኔ? ለዚህ ካልሆነ ለሬሳ ሣጥኔ ላስቀምጠው?

መምህሯ ስትወጣ የሆነ ነገር አለች። የዘመኑ ሰው አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው… ሁሉም ያጉረመርማል።

ጥቅምት 19

ሁለቱን ትንንሾች ነፋን። አንዷን እኔ፣ አንዷን ልጄ። የኛ መለኪያ ይኸው ነው። ሁለት ዋሽንት አንድ ላይ ሲነፋ፣ ካልተስማሙ መሃላቸው የሆነ ነገር ይርገበገባል። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ በለው፤ ጥዝዝ ይላል። አባቴም "ዝንቧ" ነበር የሚላት። እሷ እስክትሞት ትሞርዳለህ፣ ትፍቃለህ። ዝም ካለች ታርቀዋል።

ዛሬ ገና ከንፈራችንን ስናሳርፍ ዝም አለች። በጎልማሳነቴ ስንት ቀን ታንከራትተኝ ነበር! እጄ በስሏል ማለት ነው።

ድምፃቸው ግን ደነዝ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላሉ። ወይራውን ምን ነካው? ቢላዋዬን አነሳሁና የትንሿን መስኮት ከፈት አደረግሁላት።

"አባዬ፣ ይበቃታል" አለ ልጄ።

"የሚበቃትን የማውቀው እኔ ነኝ።"

"የፋቅኸውን መልሰህ አትለጥፈውም።"

"እኔ ነኝ አንተን ያስተማርኩህ ወይስ አንተ እኔን?"

መሮውን መልሶ አነሳ። ዝምታው ነው የሚያናድደኝ። ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶም ያው ነው። የእናቱ ልጅ።

ጥቅምት 27

ጡረተኛው ፖስተኛ ዋሽንቱን ይዞ መጣ። አምና የሠራሁለት ናት። ሆዷን በየጊዜው የተልባ ዘይት መቀባት አለባት፤ ካልጠጣች ትሰነጠቃለች።

"ታማለች" አለኝ።

"ምን አድርገሃት ነው?"

"ምንም! መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታኋት፣ ትንሽ ደስ ይበላት ብዬ።"

"ድመት መሰለችህ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጣቴን ቀዳዳዋ ላይ አሳረፍኩ። ተጣበቀ።

ሰም። ቀልጦ የወረደ ሰም። ሁሉም ቀዳዳ ላይ። በኔ ሥራ!

ሰም የጀማሪ መድኃኒት ነው። አጉል ፍቆ ድምፁ ሽቅብ ሲያመልጥበት፣ ቀዳዳውን በሰም አጥብቦ ቁልቁል ይመልሰዋል። እኔ እጄ ሰም ነክቶ አያውቅም። ፖስተኛው እስኪወጣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።" አልካደም።

"ሌላስ የትኛዋ ላይ?"

"ሁሉም ላይ። ከዚህ ቤት በወጣችው ሁሉ። መስኮታቸውን ከልክ በላይ ትከፍታለህ፣ ድምፃቸው ይሸሻል። አትሰማም አባዬ።"

"ምን አልክ?"

"አትሰማም ነው የምልህ!"

ጮኸብኝ። በገዛ ቤቴ። ከዚያ ያልኩትን… ተይው። እሱን አትጻፊው። ተይ አልኩሽ እኮ።

ጥቅምት 28

አልመጣም። መሮዎቹን እንኳ አልወሰደ።

ኅዳር 5

የበርና መስኮት ፋብሪካ ተቀጠረ አሉ። ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ነው የነገረኝ። "ልጅህ በር መላግ ጀመረ፤ እንግዲህ በቀዳዳው እየነፋ ይሸጠዋል" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ጫማዬን ሳላስጠርግ ተነሳሁ።

ብቻዬን እሠራለሁ። ምን ቀረብኝ? አባቴም ብቻውን ነበር። ትልቋን ቦረቦርኳት፤ ሆዷ እንደ መስታወት ሆነ። ከዚያ ትንንሾቹን አነሳሁ። ቀዳዳቸው ውስጥ ሰም! እነዚህንም ነክቷቸው ኖሯል። በመርፌ ለቅሜ አወጣሁት። ቅንጣት አላስቀረሁም።

ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች።

"አባዬ፣ ምናልባት…"

"ምናልባት ምን?"

"ምንም።"

እኔ ቤት ደግሞ ሰው ዐረፍተ ነገር አይጨርስም።

ኅዳር 8

አንዱ ደንበኛ ልጁን አስከትሎ መጣ። ዋሽንቷ እርጥብ እያለች ውታፉን በእንጨት መትቶ ሊያወጣ ሲታገል አናቷን ሰንጥቋታል። እርጥብ ውታፍ ያብጣል፤ ሳይደርቅ አይነካም። "ጥርስህን አሞህ ቢያብጥ በመዶሻ ነው የምትነቅለው?" አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ይሂድ። ልጄ ቢኖር አለሳልሶ ይመልሰው ነበር።

የራሱ ጉዳይ።

ኅዳር 13

አለቁ።

ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ከልጅቷ ጋር ነፋናቸው፤ መንፋቱን ከእናቷ ጉልበት ሳትወርድ ነው የለመደችው። ዝንቧ የለችም። ከትንሿ እስከ ትልቋ፣ በአንዳቸውም መሃል የለችም። ድምፃቸው ደነዝ ያለብኝን ሁሉ መስኮቱን ከፍቼ አስተካከልኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

"ዝንብ አለች?" አልኳት።

አቀርቅራ "አንተ እንደሰማኸው ነው አባዬ" አለች።

ጻፊ። ወይራው አላሳፈረኝም። ያ በር ላጊ መጥቶ ይስማ።

ኅዳር 16

መምህሯ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። ወንበር አልበቃም፤ አንዱ ወፍራም ሰውዬ የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀመጠ። ጀመሩ። አቆሙ። ተያዩ። እንደገና ጀመሩ። ወፍራሙ ዋሽንቱን ከአፉ አውጥቶ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው አየው።

"ምነው?" አልኩ።

"እንጨቱ እንዴት ያምራል ጋሼ" አለች መምህሯ።

"ስለ እንጨቱ አልጠየቅሁሽም።"

"እ… አልተስማሙም ጋሼ።"

"ዝንቧ እኮ ሞታለች!"

እነሱም ያውቋታል፤ እዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ ያውቃታል። ቀረብ ብላ እጄን ያዘችኝ። ጮክ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፦ "ጋሼ… ዝንቧ ቤቱን ሞልታዋለች።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። መስኮቱ ጋ ቆማለች። ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሳያት እጇን አወረደች።

ኅዳር 17

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ መነሳት ከተውክ ወዲህ።"

"እናትሽ ሳትሞት?"

"እማዬ ናት የነገረችን። 'እንዳትነግሩት፤ ከነኩራቱ ይኑር' አለች።"

ከነኩራቱ ይኑር። እሷ ናት እንዲህ ያለችው። ለሷ የሥራዬን ሁሉ እየነገርኳት…

ዝንቧ ዝም አለች ስልሽ እያወቅሽ ትጽፊ ነበር። አንዴ እንኳ እጅሽ አልተያዘም? አሁን ለምን ታለቅሻለሽ? ጻፊ። ማልቀስሽንም ጻፊው።

ኅዳር 22

ፋብሪካው ሄድኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ይውላል? መጋዙ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ በእግሬ ሰማሁት። እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም፣ በእጅ ነው የሚግባቡት። ሁሉም እንደኔ ነው። ልጄ አየኝና ሥራውን ለጓደኛው ሰጥቶ ወጣ። ግንቡ ሥር ቆምን። ፀጉሩ ሰጋቱራ ብቻ ሆኗል፤ ሽማግሌ መሰለኝ።

ይቅርታ ልለው ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ግን "ወይራው ተበላሸ" የሚል ነው።

"የትኛዋ ናት?"

"ሁሉም።"

"ያደረግሁት ሰምስ?"

"በመርፌ አወጣሁት።"

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ። አልሰማሁትም። እስከ ዛሬ ቢሆን የሰማሁ መስዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

"ድገመው" አልኩት።

አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ደገመው። "ይህን ትዕዛዝ እጨርስልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አልመለስም። እዚህ ሰላም አለኝ።"

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቆሞ ሰላም አለኝ አለኝ።

ታኅሣሥ 3

ከሥራ መልስ ይመጣል። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። ጣቱን ሲያነሳ አቆማለሁ። ሰም ይሞላል፣ ጣቱን ያወርዳል፣ እንደገና እነፋለሁ። "ልክ ናት?" ብዬ ጠየቅሁት አንዴ። ጉድ ነው። ዕድሜ ልኬን ሰው ነበር እኔን የሚጠይቀኝ።

ትንሿን ብዙ ታገላት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

"ይቺ አትድንም አባዬ። መስኮቷ አልቋል። ለመስኮት ሰም አይሆንም።"

እሱ ሳይወለድ የተቆረጠች እንጨት ናት። ማንም እንዳይነካት አልኩና ራሴ ምድጃው ውስጥ ጨመርኳት። ዘይት ስለጠጣች ቶሎ ያዘች።

"ስትነድ ታፏጫለች" አለች ልጅቷ።

እኔ እሳቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ታኅሣሥ 11

መምህሯና ጓደኞቿ መጡ። ሦስቱ ወይራ፣ ትንሿን ልጄ ከተራ እንጨት ሠርቷታል። ነፉ። እኔ ፊታቸውን አየሁ። ማንም አላቆመም፣ ማንም ወደ ማንም አላየም። ወፍራሙ ሰውዬ ዓይኑን ከደነ። ደህና ነው ማለት ነው።

ከዚህ ቤት የሚወጣ ሥራ ሁሉ ከመስኮቱ ሥር በጋለ ብረት ማኅተም ይመታበታል፤ የአባቴ ማኅተም። ሳይመታበት የወጣ የለም። ልጄ ብረቱን አግሎ ዘረጋልኝ።

"ምታ አባዬ።"

"ሥራው ያንተ ነው። አንተ ምታ።"

"እኔ በር ሠሪ ነኝ።"

ቀይ የነበረው ብረት እጁ ላይ እንዳለ ጠቆረ። መምህሯ ዋሽንቶቹን በጨርቅ እየጠቀለለች ጠየቀችን፤ ከንፈሯን አይቼ ገባኝ። "የማን ሥራ ናቸው ልበል?" ነው ያለችው።

እሱ ወደኔ አየ፣ እኔ ወደ ብረቱ። ዋሽንቶቹ ማኅተም ሳይመታባቸው ወጡ።

ልጄ ብረቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ደህና ሁን አባዬ" ያለኝ መሰለኝ። እርግጠኛ ለመሆን ልጅቷን ጠየቅኋት።

"ምን አለ?"

"ምንም አላለም አባዬ። ዝም ብሎ ነው የወጣው።"

እንደሆነው ጻፊው።