ለእኔ የተቦካ ጤፍ

ማክሰኞ፣ የምኩራብ ሳምንት

ዱቄቱን ዛሬም ነፋሁት። ሦስተኛዬ ነው። ወንፊት የስንዴ ብናኝ ከጤፍ እንደማይለይ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ አጥቼው አይደለም፤ እጄ ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ አለኝ እንጂ። ወፍጮ ቤት «ከእኔ በፊት ምን ነበር የተፈጨው?» ብዬ ስጠይቅ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ።

ነገ ወደ እማዬ ቤት፣ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ነው። ቅዳሜ የእማዬ አርባ ይወጣል።

የምይዘው፦
የጤፍ ዱቄት፣ ለብቻው ታስሮ
ሽሮ (ራሴ ያስፈጨሁት)
የሽምብራ ቆሎ
ድንች እዚያው አለ
ክኒኖቼን እንዳልረሳ!

ብናኛቸው እንኳ አንጀቴን ስለሚያቆስለው ስንዴ፣ ገብስና አጃ በሐኪም ከተከለከልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በፍስኩ እንቁላሉም ወተቱም ስላለ ይቻላል። ሁዳዴ ሲገባ ነው ጉዱ። ሰው ሁሉ ጾሙን በዳቦው፣ በበሶው፣ በገብስ ቆሎው ይገፋዋል፤ እኔ ያቺው ጤፍ፣ ድንች፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሱፍ። ሐኪሙ ጾሙ ቢቀርብሽ ብሎኛል። የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በእልህ መሰለኝ እንጂ በጽድቅ አይደለም።

መንገዱን አልፈራሁም። የፈራሁት ቤቱን ነው።

ረቡዕ

የገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ዶሮም ሰውም እኩል ተጨናንቀን ደረስን። ብርዱ ያው ነው።

እታታ፣ የእማዬ ታናሽ፣ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያው ዱቄቴን ተቀብላ «ይኼ ያንች ነው? ማንም አይነካብሽም» ብላ ከፍ ካለ ቦታ ሰቀለችው። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት።

መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ የለም። በጥምቀት መጥቼ ነበር። ይህ አገር ደጋ ነው፣ ጤፍ አይበቅልበትም፤ እማዬ ግን ከቆላ ሰዎች ገዝታ ለእኔ ለብቻ እንጀራ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሁለት ቀን በላሁ። በሦስተኛው ሆዴ ተነፍቶ፣ ተቅማጡ አጣድፎኝ፣ አልጋ ላይ ዋልኩ።

ቀድሞም እጠረጥራት ነበር። «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ ሰው ሲያሳድግ እንጂ ሲያሳምም አልሰማሁም» ትል ነበርና። ጎረቤቱ ለበዓል ተሰብስቦ ተቀምጧል። ተነሥቼ መጣሁና «እማዬ፣ ገብስ ጣል አድርገሽበታል አይደል?» አልኳት።

«ማርያምን አልጨመርሁም።»

«በማርያም ስም አትዋሺ!»

ይህን ነው ያልኳት፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። በማግሥቱ ወደማስተምርበት፣ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወልኩም። ከዚያ ተደወለልኝ፤ ደጅ ላይ ወድቃ፣ እስከ ጤና ጣቢያ እንኳ አልደረሰችም።

ዋሽታኝ ነበር? አርባ ቀን ሙሉ ይህንኑ ነው የምጠይቀው። ዋሽታኝ ከሆነ አዝንባታለሁ። ካልዋሸችኝስ?

ሐሙስ



ጠዋት እታታ ዱቄቴን ልታቦካልኝ ተነሣች። ባልዲውን ሦስቴ አጠበችው፣ እኔ ፊት። ውሃውን እንኳ አዲስ አስቀዳች። በልቤ አመሰገንኳት። ሊጡ ተለውሶ ሲያልቅ የጎረቤታችን የእማሆይ ድምፅ ከደጅ ተሰማ፤ በጣሳ እርሾ ይዘው መጡ። እታታ ተቀብላ ልትጨምረው ስትል እጇን ያዝኳት።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማሆይ። «የእኔ እርሾ እኮ አሳፍሮ አያውቅም። በጥምቀትም እናትሽ ይኸንኑ ነው የወሰደች።»

«የእርስዎ ሊጥ የምን ነው?»

«ገብስና ስንዴ ነዋ። እዚህ አገር ሌላ ምን አለና።»

ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። እማዬ የራሷን የገብስ ሊጥ ለሰው ሰጥታ ነበር፣ እኔ ስመጣ ገብስ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ እንዳይኖር። ዕቃውን ሁሉ አጥባለች። አዲስ ወንፊት ገዝታለች። ቤቷ ጸዳና እርሾ አጣች፤ እንደማንኛውም ሰው ከጎረቤት ተበደረች።

እታታ ግራ ገባት። «እርሾ እህል ነው እንዴ? ውሃ አይደለም?»

የሊጥ መቡካትን ዓመት በዓመት አስተምራለሁ። በሽታው እንደታወቀ የራሴን ሊጥ ያለ እርሾ፣ በዱቄትና በውኃ ብቻ፣ አምስት ቀን አስቀምጬ ነው ያስጀመርኩት። አውቅ ነበር ማለት ነው። ለእማዬ ስድስት ነገር በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ ማንበብ ስለማትችል እታታ ነበረች ያነበበችላት። ዕቃ ለብቻ። ወንፊት ለብቻ። ወፍጮው ይጠረግ። ምጣዱ ይታጠብ። ማማሰያም፣ ሞሰብም ለብቻ። እርሾ የሚል የለበትም። ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰክቷል።

ሊጡ ያለ እርሾ ይሁን አልኩ። እሑድ ይደርሳል፣ ከደረሰ።

ዓርብ

የበላሁት፦ ድንች። ድንች። ሽምብራ። ለነገው ዳቦ የሚጋግሩት ሴቶች እያዩኝ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ለእታታ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች እንዲህ አለችኝ፦

«አንች ከሄድሽ በኋላ እጇን መታጠብ አበዛች። በሳሙና ታጥባ ደግሞ በአመድ ትፈትገዋለች። ምነው ስላት፣ ‹ገብሱ ከእጄ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል እንጂ እኔስ አልጨመርሁባትም› ትለኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደውለሽ ነበር?»

ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። እናቴ የእኔን በሽታ በገዛ እጇ ላይ ስትፈልገው ነው የሞተችው። ከዚህ በላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ቅዳሜ

አርባዋ ወጣ። ካህናቱ፣ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ዳሱ ሞላ። ቄሱ የባረኩትን ዳቦ ቆርሰው ሲሰጡኝ ተቀብዬ ሳምኩና ለእታታ አቀበልኳት። አንዲት ሴት «በእናቷ አርባ እንኳ አትቀምስም!» ስትል ሰማኋት። አልፈረድኩባትም።

ሰው በልቶ ሲያበቃ ተነሣሁ። ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ ፊት እቆማለሁ፣ ዛሬ ግን የዳሱን ቋሚ ይዤ ቆምኩ። «በጥምቀት እዚህ ቤት እናቴን ዋሽተሻል ብያት ነበር። የሰማችሁ አላችሁ። አልዋሸችም። ያሳመመኝ የእርሾው ገብስ ነው፤ ስለ እርሾ ሳልነግራት የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ» አልኩ።

እማሆይ «የእኔ እርሾ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እርስዎ ምን አጠፉ አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ የእማዬን መሬት በእኩል የሚያርሱት አያ ሙጬ ተናገሩ። «ቁጭ በይ ልጄ። እሷ በማርያም ምላ ስታበቃ ማን ይጠራጠራታል? እንደማትዋሽማ ሁላችንም እናውቅ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ «እንዴታ» አለ። ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ማዳበሪያ ዞረ።

ስሟን ላጠራ ነበር የቆምኩት። የጎደፈ ስም ግን አልነበረም። ያላመንኳት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጇ።

እሑድ

ሊጡ ደረሰ። ዓይኑ ብዙም አልወጣም፣ ኮምጠጥም አላለም፤ እንጀራ ነው ግን። ከእታታ ጋር በሱፍ ፍትፍት በአንድ ትሪ በላን። ሁለት ጊዜ አጎረሰችኝ። ሆዴን እየጠበቅኩ ዋልኩ፤ ምንም የለም።

እታታ ከሊጡ ትንሽ አስቀርታ ከድናዋለች። «ለፋሲካ ስትመጭ ያንችን እርሾ ከማንም አልበደርም። ትመጫለሽ አይደል?»

እመጣለሁ አልኳት። እማዬ በሌለችበት ቤት ፋሲካ እንዴት እንደሚዋል እንጃ።

ሰኞ

ማርቆስ ገብቻለሁ። ከሰዓት ክፍል አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ብስብም አልተደበቀልኝም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን ሆነሽ ነው የእኔ ልጅ?» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሆዴን አሞኝ ነው» አልኳቸው።

ዋሸኋቸው። ሆዴስ ደህና ነበር።