ዊልቸሩ ላይ ስለተቀመጠው ጤነኛ ሰው

ለተከበሩ ወይዘሮ ማርያን፣
በሀርጌሳ የበጎ አድራጎት ጤና ፕሮጀክት ኮኦርዲኔተር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ኤሲ ሳይቋረጥ እንዲሰነብት እመኛለሁ። ይህን የምጽፍልዎ የሚኒባስ ሹፌሩ ኸይሩ ነኝ። በሀርጌሳ ምድር ከእኔ ፈጥኖ ማንበብ የለመደ ጎልማሳ የለም፤ እሺ፣ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ሳሚያ ትቀድመኛለች፣ እሷ ግን መነጽር አላት።

መጀመሪያ ያነበብኩት ዳሚ ሰፈር ባለው ክሊኒካችሁ በር ላይ የተከላችሁትን፣ ፎቶዬ ያለበትን ታፔላ ነው። ለእኛ ለስደተኞች አስባችሁ በአማርኛም ስለጻፋችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። «ለዓመታት መራመድ ያልቻለው ወንድማችን ዛሬ ዊልቸር አገኘ» ይላል። እኔ ማንበብ ከመልመዴ በፊት ስለ ሹፌርነቴ የተጻፈ ምስጋና መስሎኝ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በዚያ በኩል እያዞርኩ ሳሳይ ከርሜአለሁ።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለጋሾቹን ከአየር ማረፊያ ያመጣሁ ዕለት ለዊልቸሩ የተመረጠ በሽተኛ ስላልነበራችሁ፣ «ኸይሩ፣ ለፎቶ አንዴ ቁጭ በል» ተባልኩና ተቀመጥኩ። ይህ የእናንተ ጥፋት ነው። እግሬን አጣምሜ ማቃሰቴ ግን ማንም ያላዘዘኝ፣ የራሴ ምርቃት ነው። አንዲት ለጋሽ እንባዋን ስትጠርግ በሆዴ «ጎበዝ!» ብያለሁ።

ሁለተኛ፤ ዊልቸሩ ላስቲኩ እንኳ ሳይላቀቅ ወደ ስቶር መመለሱና ለጋሽ ሲመጣ ብቻ ፀሐይ ማየቱ፣ ለንብረት ያላችሁን ጥንቃቄ ያሳያል፤ አላህ ይስጥልኝ።

ሦስተኛው ላይ እጄ ይከብደኛል። ጎረቤቴ ኸድራ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር። የጭነት መኪና ከገጫት ወዲህ ከኪራይ ክፍሏ የምትወጣው እህቷ ሂዳያ ስታዝላት ብቻ ነው። ታፔላው ገና ሳይተከል ሂዳያ ክሊኒካችሁ መጥታ ብትለምን፣ «አንድ ነበረ፣ ለባሰበት ሰው ተሰጠ» ተባለች። ኸድራ ይህን ሰምታ አልተቆጣችም። ከሶላት በኋላ «ያን ምስኪን አላህ ያሽረው» ትላለች፤ እኔም ራት ሲጠሩኝ አብሬ እጄን ዘርግቼ «አሚን» እላለሁ። ዱዓዋ መሥራቱን እግሬ ይመስክር።

ታፔላውን ካነበብኩ በኋላ ግን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ስቃ ስቃ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተ ቀጣፊ!» አለችኝ። ስለዚህ እኔ ነጻ ወጥቻለሁ፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ዊልቸሩን ከስቶር አውጥታችሁ ለኸድራ ስጡልኝ፤ ማድረሻው በእኔ ሚኒባስ፣ በነጻ።

በእናንተ እጅ ሽባ ሆኖ በፊደል የዳነ፣ ለሚቀጥለው ፎቶም ሁለት ጤነኛ እግሮቹን ይዞ በትሕትና የሚጠባበቅ አገልጋይዎ፣
ኸይሩ

ተጨማሪ፦ ከላይ አንድ ነገር ከራሴ ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ለኸድራ አልነገርኳትም። ትናንትም ዱዓ አደረገች፣ ትናንትም «አሚን» አልኩ። ዊልቸሩ ሲደርሳት መጀመሪያ የምትሄደው እናንተን ለማመስገን ነው፤ በሩ ላይም ታፔላው ላይ እኔን ታገኘኛለች። ቢሆንም ስጧት። ታፔላውንም እንዳትነቅሉት፤ ከፎቶዬ ሥር የእርስዎ ስም በትልቁ ተጽፏል፣ ኸድራ ደግሞ ማንበብ የለመደችው ከእኔ በፊት ነው።