የጋሽ ሙንዚር ዘመም ፊደል

…«መጀመሪያ ጻፊውን እናስፈቅድ» ያልሽው አንቺ ነበርሽ፤ ደሴ ፒያሳ የሱቅ ማስታወቂያዎቹን ፎቶ ለማንሳት የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ስሚኝ ኢንሻራህ፣ ጻፊውን ጋሽ ሙንዚርን ዛሬ አገኘኋቸው። ፊደላቸው ጌጥ የለውም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። እዚህ እንደኛ አዳማ ሜዳ አይደለም፤ «ዳገት የሚወጣ ሰው ያጎነብሳል፣ ፊደሌም እንደሱ» ይላሉ። ከፎቶዎቹ የሠራሽውን የኮምፒውተር ፊደል ኮምቦልቻ አንድ ፋርማሲ በር ላይ አይተውታል። «የኔው እጅ ነው። መቼ እንደጻፍኩት ግን ጠፋኝ፤ መርሳት ጀመርኩ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ብሩሽ አልይዝም» አሉኝ። «አብሽሩ» ብቻ አልኳቸው። ይህን ፖስትካርድ የምጽፈው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለ ካፌ ነው። ካርዱ ሞላ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እናትሽንም። እውነቱን ልነግራቸው አሁን ተነስቼ ነበር፤ በሩን ከውስጥ ዘጉት።