የወረቀቱ ጀርባ

ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ ህዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ።

እማ፣ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። እሁድ በስልክ «አዎ እማ፣ እንመጣለን» ያልኩሽ ውሸት ነው። ስነግርሽም አውቄው ነበር። የወንድምሽ ሚስት እትዬ ፋኢዛ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ፊቴ ቆመው ስለነበር ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አንቺ ደግሞ «መዳሜን አስፈቅጄ ሁለት ቀን አገኘሁ» ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅሽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህን የምጽፍልሽ ከይሪያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሐርቡ ጎረቤታችን የነበረችው ከይሪያ፣ አሁን እዚህ ፋብሪካ ትሠራለች። ከወንድምሽ ከጋሼ በሺር መጋዘን ለጉዞው ሻንጣ አምጪ ብለው ልከውኝ ነው ከደሴ የወረድኩት። ደብዳቤውን ከይሪያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። በእትዬ ፋኢዛ ስልክ ምንም መናገር አልችልምና።

ወንድምሽ መጀመሪያ የነገሩሽን ታስታውሻለሽ። ለሥራ ቻይና አምስት ቀን፣ የፕላስቲክ ጫማ መሥሪያ ማሽን ሊያዩ። ሲመለሱ በዱባይ አድርገው አንቺ ያለሽበት ጅዳ፣ ከዚያ መካ ለዑምራ። እኔም አብሬ መጥቼ አንቺን ላይሽ። ለሰፈሩም ይህንኑ ነገሩ። ዑምራ ሲባል ሰው ዝም ይላል? የቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቶች ተራ በተራ መጡ። ሁሉም ካዕባ ፊት ስማቸው ተነስቶ ዱዓ እንዲደረግላቸው ነው የሚፈልጉት። ጋሼ በሺር «የከሪማ ጽሕፈት ያምራል፤ እሷ ትጻፈው» አሉ። እኔም ከደብተሬ መሃል አንድ ወረቀት ገንጥዬ ስም መጻፍ ያዝኩ።

እማማ ሳሊሃ የሚባሉ አሮጊት ከቢስቲማ ድረስ መጡ። ልጃቸው ተውፊቅ በየመን በኩል ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ይኑር ይሙት አያውቁም። «ልጄ፣ ስሙን አጥርተሽ ጻፊው፤ ሲያነቡት እንዳይሳሳቱብኝ» አሉኝ። ከዚያ ዚክር የሚቆጥሩበትን ሙስበሃ ከእጃቸው አውልቀው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡት። «ካዕባን አስነኪልኝ። እኔስ አልደርስ።»

«መርሀባ፣ እሺ» አልኳቸው። እኔ ከመርሀባ ሌላ ምን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። እትዬ ፋኢዛ በስልካቸው የባንኮክና የኢስታንቡል ሆቴሎችን ፎቶ ያሳያሉ።

«ይህን የኢስታንቡሉን እየው በሺር! ቁርሱ ራሱ ሠርግ ነው።»

«ቀኑ ከየት ይመጣል? መካ አለብን እኮ» አሉ ጋሼ በሺር።

«መካ የትም አይሄድ! በዚያ ሙቀት ልጁን ልታቃጥለው ነው? መካ ለከርሞ ይሁን።»

ጋሼ በሺር ሥጋቸውን እያኘኩ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሳቁ። «እውነትሽን ነው። ኢስታንቡልም መስጊድ ሞልቷል። አላህ እንደሆነ የትም ይሰማል!»

«የዘምዘም ውሃ ግን ሰው ይጠብቃል።»

«አዲስ አበባ ይሸጥ የለ? ከኤርፖርት ስንወጣ ገዝተን እንገባለን።»

ትንሹ ሙንዚር አፉን እንደሞላ «አባ፣ ካዕባ ባንኮክ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወላሂ እማ፣ የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ ጥዬ መውጣት አማረኝ።

ከዚያ ጋሼ በሺር የሚጽፉበት ፈለጉ። መደርደሪያው ላይ ያገኙት የኔን የስም ወረቀት ነው። ገለበጡትና እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ጀርባው ላይ ጻፉ። ባንኮክ አራት ቀን። ቻይና አምስት። ዱባይ ሦስት። ኢስታንቡል ስድስት። የጣታቸው ቅባት ወረቀቱን ዘልቆ በዚያኛው በኩል የተውፊቅ ስም ላይ ወጣ። ስሙ አሁን ቢጫ ሆኗል።

«ከሪማስ?» አሉ ጋሼ በሺር፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

«ትሂድ እንጂ! እኛ ስንዞር ሙንዚርን ሆቴል ማን ይይዝልኛል? ለእናቷ ስንመለስ ቪዛ ከለከሉን እንላታለን።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሰማሽ? ትንፍሽ እንዳትዪ። ባንኮክን ልታዪ ነው፣ ምን ጎደለሽ?»

መርሀባ አልኩ። ይህንንም መርሀባ አልኩ እማ።

ከዚያ ወዲህ ሳህናቸውን ሳጥብ የቅባቱ ሽታ ያንገሸግሸኛል። ከሁሉ ይልቅ የቀፈፈኝ ግን የራሴ እጅ ነው። ሰኞ ሦስት እናቶች መጡ፤ ጋሼ በሺር «ግቡ፣ ግቡ፣ አብሽሩ!» ብለው አስገቧቸው። እኔም ሁሉን እያወቅኩ የሦስቱንም ስም ጻፍኩ። አንዷ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ግንባሬን በሳሙና አሸሁት።

ይህን ሁሉ ለከይሪያ ስነግራት «ታዲያ አትነግሪያቸውም?» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«አፍሽን ከፍተሽ ነዋ! አንቺማ ስትወለጂም መርሀባ ብለሽ ሳትወጪ አልቀረሽም።» ሳቀችብኝ። ቆይታ ደግሞ «ቢያስወጡሽ ፍራሼ ለሁለት ይበቃል» አለችኝ።

ነገ ሐሙስ የመንገድ ዱዓ አለ። ሸህ ጣሀ ይመጣሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፣ እማማ ሳሊሃም ከቢስቲማ ይመጣሉ። ስሞቹን ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ እኔ እንዳነብ ታዝዣለሁ። እኔ አንድ ስም ሳነብ ሰዉ አሚን ይላል። ከዚያ ቅዳሜ እነሱ ባንኮክ ይገባሉ። ሰው አሚን ያለበት ነገር እንዲህ ሲደረግ አላህ ምን ይላል እያልኩ አስባለሁ።

ያገኘሽውን ሁለት ቀን ለመዳምሽ አትመልሺላት፤ ተኚበት። ዓባያ ልትገዢልኝ ቁመቴን ጠይቀሽኝ ነበር። ሐርቡ የቤታችን በር መቀርቀሪያ ስትሄጂ አገጬ ጋ ነበር። ባለፈው ዒድ ሄጄ ስለካው ደረቴ ላይ ደረሰ። ግን አሁን አትግዢው። ገና እረዝማለሁ።

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ከሰው ክፉ ይጠብቅሽ፣ ድካምሽን ያቅልልሽ። በኔ አትዘኚ፤ ቻይው። ወንድምሽ ደውለው ስለኔ ክፉ ቢነግሩሽ አስቀድመሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢው።

ነገ መጀመሪያ ሙስበሃውን ለእማማ ሳሊሃ በእጃቸው እመልሳለሁ። ከዚያ መጋረጃው ጀርባ እቆምና ስሞቹን አንድም ሳልዘል አነባለሁ፤ ተውፊቅንም አጥርቼ። የመጨረሻው አሚን ሲባል ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ልጅሽ ከሪማ