አዋልዲጌሳዋ በቀን የወጣችበት ዓመት

ውድ ጎሴጎ፣

ዝናቡ መጣ። ጋቦሮኒ ሆነሽ በሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል፤ ግን ሬዲዮ የእኛን መንደር ስም አይጠራምና እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ «ፑላ! ፑላ!» እያለ ዝናቡን በስሙ እየጠራ ውስጡ ሲሮጥ፣ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አሮጊቷ አዋልዲጌሳችን ነበር።

ፊደል የለየሁት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። «የሰውነት ሰዓት» የሚለውን ግን ያገኘሁት ካንቺ ነው። እንስሳ ሁሉ በውስጡ ሰዓት አለው፣ ፀሐይ ታስተካክለዋለች፣ ረሃብ ያዛባዋል ብለሽኝ ነበር። የእኔን ምን እንዳዛባው ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ባለቤቴ ሞሌፊ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ አንቺና እኔ አሮጊቷን ለምርምርሽ ልንከታተል እንወጣ ነበር፤ አንቺ አንቴናሽን ይዘሽ፣ እኔ ዱካ እያየሁ። እሱ ሲሞት ጥቁር ለበስኩ። መበለት ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ መግባት አለባት። አሮጊቷ የምትወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። አንቺ ለብቻሽ መውጣት ጀመርሽ። ማታ መኪናሽ በደጄ ሲያልፍ መብራቱን ዝቅ ታደርጊው ነበር። እንዳይከፋኝ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል፤ ይብስ ይከፋኝ ነበር።

ቀን ቀን መበለት የሚያስይዙትን መጋጋ የሚባል ሥር በፊቴ እየበተንኩ ስሄድ፣ ሐዘኔ እንዳይነካው ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ክፋት አይደለም፣ ወጋችን ነው፤ እኔም ለሌሎች መበለቶች ለቅቄያለሁ። ግን ሁሉ ሲለቅልሽ መንገዱ እንዴት እንደሚሰፋ ጥቁሩን ካልለበስሽው አይገባሽም።

ከዚያ ድርቁ ጠና። አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨት ስለቅም አሮጊቷን በጠራራ ፀሐይ ስትቆፍር አገኘኋት። ከኋላ እግሯ አንድ ጥፍር ይጎድላል፤ በዚያ ነው ያወቅኳት። ቀና ብላ አሸተተችኝ። መንገድ አልለቀቀችልኝም፤ መቆፈሯን ቀጠለች።

እየሮጥኩ ድንኳንሽ ደረስኩ። ትዝ ይልሻል?

«ጎሴጎ፣ በቀን ወጣች! በእኔ ሰዓት ወጣች!»

አልሳቅሽም። «ከስታለች?»

«ትንሽ።»

«እማ፣ ምስጥ አጥታ ስቧ አልቋል ማለት ነው። የሌሊቱን ብርድ አልቻለችውም፤ ፀሐይ እንድታሞቃት ነው የምትወጣው። ደህና አዋልዲጌሳ አይታይም።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አብረን ተከተልናት። አንቺ ከጎኔ ትሄጂ ነበር፣ ትከሻሽ ትከሻዬን እየነካ። የሞሌፊ እህት እማ ዲኔዮ ውኃ መቅጃው ጋ ሰው እየሰማ፣ «ጥቁርሽን አይታ ሌሊት መስሏት እኮ ነው የወጣችው!» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት። የአሮጊቷ ጎን ግን ከቀን ወደ ቀን እየጎደጎደ ሄደ።

«ከደረቁ ወንዝ ማዶ ምስጥ ቆፍሬ ላምጣላት» ስልሽ፣ «አይሆንም እማ። እኛ ከመገብናት፣ ድርቅ ምን እንደሚያደርጋቸው በምን እናውቃለን?» አልሽ። ፊትሽን አዙረሽ ነበር የተናገርሽው። ስለዚህ አልጨቀጨቅኩሽም።

ያኔ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ስጸልይ «ዝናብ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይያዝብኝ ነበር። ዝናብ ከመጣ እሷ ወደ ሌሊቷ ትመለሳለች፣ አንቺም ሥራሽን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ፣ ቀኑ ለእኔ ብቻ ይቀራል። ቢሆንም ለምኛለሁ ጎሴጎ። ጎኗን እያየሁ እንዴት አልለምን?

አንቺ ዝናቡን ሳትጠብቂ ሄድሽ፤ የምርምሩ ጊዜ አልቆ ነበር። ከሄድሽ በኋላ አሮጊቷም ጠፋች። ሞታለች ብዬ፣ ሽታ ይነግረኝ እንደሆነ፣ በየጉድጓዷ አፍ እያጎነበስኩ ዞርኩ።

ዛሬ ጠዋት ከአጥሬ ጀርባ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ጥፍሩ የጎደለ ዱካ አየሁ። የምስጡ ኩይሳ ከሥሩ ተንዷል፤ ጉልበት ያለው እግር ነው የቆፈረው። ሌሊት መጥታ፣ በልታ፣ ሳይነጋ ሄዳለች። እማ ዲኔዮ ገንፎ ይዛልኝ ስትመጣ ተንበርክኬ ሳለቅስ አገኘችኝ።

«ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

ጎንበስ ብላ ዱካውን አየች። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ድናለች፤ ከእንግዲህ አላያትም።»

ሳህኑን ራቅ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብላኝ ሄደች።

ጥቁሩ ከመከር በኋላ ይወልቅልኛል። ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ ሽታዬን ነፋስ በማይወስድባት በኩል ዞሬ፣ ጉድጓዷ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባላያትም የአሸዋውን ድምፅ እሰማለሁ።

ካንቺም ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ደህና አዋልዲጌሳ አይታይም ብለሻልና፣ ደህና ብትሆኚ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ግን አንድ ቀን ሰዓትሽ ከተዛባ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ነይ። ስትመጪ ደጄ ላይ መብራትሽን ዝቅ አታድርጊው።

መንገድ የማትለቅልሽ
እማ ኬፊልዌ