ግርማዬ፣ የመርከቢቱን ገመድ ቆርጠው ጣሉት

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ልጽፍልህ ሳስብ ከርሜ ነበር፤ ግን እንዲህ ተናድጄ ብዕር አነሣለሁ ብዬ አላሰብኩም። ብትኖር «አስቱ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» ትለኝ ነበር። ጠጥቻለሁ። አልበረደልኝም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ሶስና አሁንም ሳን ሆዜ ነች፤ ሆስፒታሉ የቀን ፈረቃ ስለሰጣት እሑድ እሑድ ትመጣለች። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንደምታውቀው ነው። ጫማዎችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ሰማያዊ ሹራብህን ግን ለማንም አልሰጥም፣ እኔው እለብሳታለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ከላያችን ያለው ሰውዬ ሙዚቃውን አልቀነሰም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። መርከብህን አበላሿት።

አንተ ነገሩን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ፣ ከሥሩ ልጀምር፤ ታገሠኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን በውሃው ዳር ስንሄድ ነበር። ኦክላንድ ከመጣን ብዙ ዓመታችን ቢሆንም በዚያ በኩል አልፈን አናውቅም ነበር። ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንዲት ግራጫ የጦር መርከብ ታስራ አየን። ሙዚየም ሆናለች። እኔ የአፍንጫዋን ርዝመት ሳይ አንተ ወደ ጭራዋ ሄደህ ቀጥ ብለህ ቆምክ። እዚያ ከበሮ በሚመስል ትልቅ መጠቅለያ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም የብረት ገመድ፣ አጠገቡም ዝሆን የሚጎትት የሚመስል፣ ዊንች የሚባል የገመድ መሳቢያ ሞተር ነበር። «ምን ሆንክ?» ብዬ ስጠይቅህ «ይቺ ፈንጂ ጠራጊ ነች» አልከኝ። ዓይንህ እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በፊት ስለ ምጽዋ ብዙ አትነግረኝም ነበር። የባሕር ኃይል ሰው እንደነበርክ፣ በየመን በኩል እንደወጣህ አውቃለሁ። በወጣትነትህ ፈንጂ ጠራጊ ላይ እንደሠራህ የነገርከኝ ግን የዚያን ቀን ነው፤ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ፈንጂ ከገመዳችሁ ጋር ብቅ ሲል፣ ሰውነቱን ሙሉ ዛጎል ለብሶ እንደነበር ነገርከኝ። በማግሥቱ የዳህላክ ዓሣ አጥማጆች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የያዙትን ዓሣ ይዘው መርከባችሁ ድረስ መጥተው እንደነበር ነገርከኝ። እየሳቅክ ነበር የምታወራው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያገባሁት ሰው ፈንጂ ላይ ሲሄድ የኖረ መሆኑን ገና መስማቴ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻህን ተመልሰህ ሄድክ። አቶ ዋልተርን ያገኘሃቸው ያኔ ነው። አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያችው መርከብ ሞተር ክፍል በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በልጅነታቸው ሠርተዋል። አንተ «አቶ ዋልተር» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም «አቶ» የስማቸው መጀመሪያ መስሏቸው ለሰው ሁሉ «አቶ ዋልተር እባላለሁ» ይሉ ጀመር። ሁለታችሁ ያንን ዝጎ የተጣበቀ ዊንች መፋቅ፣ መቀባት፣ መፍታት፣ መግጠም ያዛችሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ከቤት አትገኝም። ሸሚዞችህ በዝገት ተበላሹ። እኔም «ቮለንቲር የሚያደርግ ሰው ቤቱንም ቮለንቲር ያድርግ» እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። ዊንቹ መጀመሪያ የዞረ ቀን ግን ስልክ ደውለህ ድምፁን አሰማኸኝ። እንደ ሕፃን ነበር የጮኽከው።

የመርከቢቱን ታሪክ እራት ላይ በቁራሽ በቁራሽ ነው የነገርከኝ። ስትሠራ ዴስትሮየር ነበረች፤ አሳዳጅ፣ አውዳሚ መርከብ። ቶርፒዶ ታጥቃ፣ መድፍ ደርድራ፣ ውቅያኖስ ላይ የጭነት መርከቦችን አጅባ ትሄድ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ወደ መርከብ ጥገና ጣቢያ አስገቧት። ቶርፒዶዋን አወረዱ፤ የኋላ መድፏን ነቀሉ፤ በቦታው ያንን ገመድና ዊንች ተከሉላት። ለምን ብዬ ስጠይቅህ ሹካህን አስቀምጠህ አስረዳኸኝ። የባሕር ፈንጂ ከታች በሰንሰለት ታስሮ ውሃው ውስጥ ይቆማል። መርከቢቱ ገመዷን ወደ ጎን ዘርግታ ትጎትታለች። ገመዱ ላይ ያለው መቁረጫ ሰንሰለቱን ሲበጥሰው ፈንጂው ተንሳፎ ይወጣል፤ ከሩቅ ተኩሰው ያፈነዱታል። ወታደር ወደ አንድ ባሕር ዳርቻ ከመውረዱ በፊት፣ ትልልቆቹ መርከቦች ከመጠጋታቸው በፊት፣ እሷ ትገባለች። «ከእሷ ፊት የሚጠርግላት የለም» አልከኝ። ጦርነቱ አልቆ ሌሎቹ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱም እሷ ቀርታ የዓሣ አጥማጆችን ባሕር ስትጠርግ ከረመች። ኋላም ኮሪያ ሄደች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።

አንተ ካረፍክ በኋላ ሙዚየሙን አዲስ ቦርድ ያዘው፤ አዲስ ኃላፊም ቀጠሩ። ባለፈው በጋ አቶ ዋልተር ኮል አደረጉልኝ። «አስቴር፣ ሊነቅሉት ነው» አሉኝ። ምኑን ብል፣ ዊንቹን፣ ከበሮውን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም። መርከቢቱን «ወደ ክብሯ ዘመን» ሊመልሷት ነው አሉ። ጎብኚ መድፍ ማየት ይወዳል፤ ስለዚህ የጠራጊነት ዕቃዋን አውልቀው የፕላስቲክ መድፍ ሊተክሉባት ነው። ከፕላስቲክ ተሠርቶ ብረት እንዲመስል የተቀባ መድፍ፣ ግርማዬ!

ለሶስና ስነግራት «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሺፕ» አለችኝ። «መርከብ እኮ ብቻ ናት» ማለቷ ነው። ቦርዱ ሚቲንግ እንዳለው ሰምቼ «ትወስጂኛለሽ ወይስ በአውቶቡስ ልሂድ?» አልኳት። ወሰደችኝ።

ኃላፊዋ ወጣት ሴት ነች፣ ክፉ አትመስልም። ሥዕል እያሳየች ዕቅዱን አስረዳች። መጨረሻ ላይ በአዲሱ ሰሌዳ የሚጻፈውን አነበበችልን። ስለ መድፎቿ ረጅም ነገር ካለ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «በመጨረሻ ዘመኗ ወደ ረዳት አገልግሎት ዝቅ ተደረገች።»

ዝቅ ተደረገች! ይህን ስሰማ ምን እንዳስታወሰኝ ታውቃለህ? ቀብርህን። የአጎትህ ልጅ የሕይወት ታሪክህን ሲያነብ፣ ስለ ባሕር ኃይሉ በኩራት አውርቶ ሲያበቃ፣ «ወደ አሜሪካ ከመጣ በኋላ ግን በዝቅተኛ ሥራ ላይ ተሰማርቶ፣ የኤርፖርት ሹትል እየነዳ…» አለ። በክፋት አልነበረም፣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሬሳህ ፊቴ ተጋድሞ ነበርና ዝም አልኩ። ሻንጣቸውን ያወረድክላቸው አሮጊቶች፣ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ዝናብ ውስጥ ያደረስከው ሰው ሁሉ፣ ዝቅ ያለ ሥራ ሆነና ተቀበረ።

ሚቲንጉ ላይ ግን ዝም አላልኩም። ተነሣሁ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ በአማርኛ ቀጠልኩ። ሶስና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከጎኔ ቆማ ትተረጉም ጀመር።

«ይቺ መርከብ ዝቅ አልተደረገችም» አልኩ። «መድፍ ተኳሽ ከኋላዋ ነው የመጣው። እሷ ባትቀድም ኖሮ የምታመሰግኑት ጀግና ሁሉ ባሕር ላይ ይቀር ነበር። ባለቤቴና እኚህ ሽማግሌ ያንን ዊንች በእጃቸው አስነሡት። ይዞራል፤ ሕያው ነው። እናንተ የሚሠራውን ነቅላችሁ የማይሠራ ልትተክሉ ነው። ይህ ክብር ነው የምትሉት?»

ሶስና እያንዳንዱን ቃል ተረጎመች። እኔ ስቀመጥ እሷ አልተቀመጠችም። ስለ ምጽዋና ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ነገረቻቸው፤ ለካ አንተ ስታወራ እሷም ትሰማህ ነበር። መጨረሻ ላይ በአማርኛ «አባቴ ነው» አለች። ማንም አልገባውም። እኔ ገባኝ።

አጨበጨቡ። ሐሳባችንን ስላካፈልናቸው አመሰገኑን። ከዚያ እጅ አውጥተው ዕቅዱን አጸደቁት።

ሊቆርጡት የመጡ ቀን ሄድን። ሶስና ፈቃድ ወሰደች፤ አቶ ዋልተር ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። ወደ መርከቢቱ መውጣት ለደኅንነት ሲባል አይቻልም ብለው ከሽቦ አጥሩ ውጭ አቆሙን። ገመዱን በእሳት ቆራረጡት። ዊንቹን ክሬን አንሥቶ መኪና ላይ ሲጥለው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እናንተ ዓመታት የደከማችሁበትን እንደ ቆራሌ ዕቃ ወሰዱት። ለእኛ ስጡን ብለን ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይበቃው ነበር፤ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም አሉ። አቶ ዋልተር አላለቀሱም። «ግርማ ይህን አለማየቱ ደግ ነው» አሉኝ። እኔ ግን እንድታየው እፈልግ ነበር። እኔ ብቻዬን መናደድ ሰልችቶኛል።

መርከቢቱ እንደገና ስትከፈት ሄድኩ። ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ ያ ቃል እንዳለ ነው። የፕላስቲክ መድፉ ጭራዋ ላይ ተገትሯል፤ ሰው አብሮት ፎቶ ይነሣል። እኔ አጠገቡ ቆምኩና ለመጣው ሁሉ «ይህ ቦታ የመድፍ አልነበረም» እያልኩ መናገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሴኪዩሪቲው መጥቶ በትሕትና ገለል እንድል ጠየቀኝ። ትኬት አሳየሁት። ጎብኚ ከጎብኚ ጋር ማውራት ክልክል ነው ወይ አልኩት፤ አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ዋልተር የምትታጠፍ ወንበር ይዘው መጡ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ሶስና ሳን ሆዜ ካሉት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንድ ቀን መጥታ፣ እኔ በደከመኝ ቦታ እየገባች ታስረዳ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ፤ ብዕር ያስነሣኝ እሱ ነው።

አንዲት አሮጊት ከዳሊ ሲቲ መጡ። ፊሊፒናዊት ናቸው፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ነበር። እኔ ስለ ጠራጊ መርከቦች ስናገር ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ልጅ ሳሉ፣ ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሰላም ሆነ ባለ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድማቸው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባው ፈንጂ ነክቶ እንደቀረ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ አባታቸው ባሕር አልገባም አለ። መንደሩ ተራበ። ኋላ ገመድ የሚጎትቱ ግራጫ መርከቦች መጥተው ብዙ ቀን ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ዋሉ። ሲሄዱ አባታቸው ጀልባውን ገፍቶ ወጣ። ይቺው መርከብ ትሁን ሌላ አያውቁም።

«ገመዱ የታለ?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? የፕላስቲኩን መድፍ አሳየኋቸው። ኃላፊዋ እንግዶች እያስጎበኘች በዚያው በኩል ስታልፍ ቆማ ነበር። አሮጊቷ መድፉን አዩት፤ በጣታቸው አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«መድፍማ ብዙ አይተናል» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ዊንቹ የተነቀለበት ቦታ በቀለም ሥር የሚታየውን የብሎን ጠባሳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ልጃቸው ልታነሣቸው ብትሞክር «ቆይ» አሏት። አቶ ዋልተር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኃላፊዋ ፊቷ ቀላ። ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ለእርማት መውረዱን አቶ ዋልተር ደውለው ነገሩኝ። እንድደሰት ጠብቀው ነበር። አልተደሰትኩም። ሰሌዳ ይታረማል፤ ዊንቹ ቀልጦ አሁን የማን በር እንደሆነ ማን ያውቃል? ላመሰግናቸውም አላሰብኩም።

ግርማዬ፣ የእናንተ ሥራ ምኑ እንደሚያናድደኝ ታውቃለህ? ፈንጂ የገደለው ሰው ይለቀስለታል፤ ስም ይወጣለታል። ፈንጂ ያልነካው ግን ዓሣውን አጥምዶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ከምን እንደተረፈ ሳያውቅ ያረጃል። በምጽዋ ባሕር ላይ ዛሬም ጀልባውን የሚገፋ ሰው አለ፤ ስምህን አያውቅም። እኔ አውቀዋለሁ። ጉልበቴ እስከቻለ ቆሜ፣ ሲደክመኝ በአቶ ዋልተር ወንበር ተቀምጬ፣ እናገረዋለሁ። እኔ ስሄድ ሶስና ትናገረዋለች፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።

ያንተው አስቱ
ኦክላንድ